መብራት ሲጠፋ መልእክቱ የት ይሄዳል?

ጎንደር ላይ ለድርጅት ሶፍትዌር ስነድፍ ከስክሪኑ መልክ በፊት የማስበው ሌላ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ኔትወርክ ሲቆምስ?

አሁን የምሠራላቸው ጅምላ ነጋዴ ሱቃቸው ፒያሳ፣ መጋዘናቸው አዘዞ ነው። ሽያጭ፣ መጋዘንና ሒሳብ ሦስት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። በቀጥታ ባያይዛቸው አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ስለዚህ መሃል ላይ ራቢትኤምኪው የሚባለውን፣ ከአንዱ ፕሮግራም መልእክት ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ሶፍትዌር አስገባሁ። ሱቁ የሸጠውን ይልካል፤ አዘዞ መስመር ባይኖርም መልእክቱ ፒያሳ ያለው ሰርቨር ላይ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወረፋው "ዱረብል" (ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳም የማይጠፋ)፣ መልእክቱም "ፐርሲስተንት" (ዲስክ ላይ የሚጻፍ) መሆን አለበት። አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ መልእክቱ አይገኝም። ተቀባዩ ደግሞ "ደርሶኛል" የሚለው ዳታቤዝ ላይ ከጻፈ በኋላ ይሁን። ጽፎ ማረጋገጫውን ሳይልክ መብራት ቢሄድ ያው መልእክት እንደገና ይመጣል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ሽያጭ መለያ ቁጥር የሰጠሁት፤ አንድ ካርቶን ዘይት ሁለቴ እንዳይቀነስ።

ካፍካስ? ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። እሱም በፕሮግራሞች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ነው፤ ሊንክድኢን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ ነው። በጣም እወደዋለሁ። መልእክቱን ከተነበበ በኋላም ያቆየዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ይቻላል። ለአንድ ሱቅና ለአንድ መጋዘን ግን ይበዛል።

ሁለቱም የፈቃድ ክፍያ በዶላር አይጠይቁም። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ኮዱ ክፍት መሆኑ ነው። ችግር ሲገጥመኝ ገብቼ አነባለሁ፤ የማንንም መልስ አልጠብቅም። የቀረኝ የሒሳብ ክፍሉን ማያያዝ ነው።