አሮጌው ቦይለር ከየት ነው የሚያንጠባጥበው?

የቤት ጥገና ልምምዴ የቧንቧ ጎሚኒ ከመቀየር ትንሽ ከፍ ብሏል፤ አሁን ቦይለር ላይ ደርሻለሁ። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው የቤተሰቦቼ ቤት ውስጥ የተሰቀለው ባለ 80 ሊትር አሮጌ ቦይለር ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። መጥቶ ያየው ባለሙያ «ታንከሩ በስብሷል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ሄደ። ደሴ ላይ ቦይለር ሳይኖር መክረም ደግሞ የጦሳን ተራራ ብርድ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ሞቅ ያለው ኮምቦልቻ ያላችሁ ተዉት፣ አይገባችሁም።

ምንም ዕቃ ሳልገዛ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚወጣ ልለይ አልኩ። ጠብታ አሳሳች ነው። አንድ ቦታ ይወጣና ቆርቆሮውን ታክኮ ሌላ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉንም በጨርቅ አደረቅኩና የቀዝቃዛው መግቢያ፣ የሙቁ መውጫና የሴፍቲ ቫልቩ አፍ ላይ ሶፍት ጠመጠምኩ። ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን የፈታሁት ግን ብሬከር አጥፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ ነው። እዚያ ውስጥ የመብራት ሽቦ አለ። ከክዳኑ ሥር ያለውን ማፍሰስ ለማየት ኃይል አያስፈልግም፤ የሚገፋው የውሃው ግፊት ነው።

የሴፍቲ ቫልቩ ሶፍት የሚረጥበው ቦይለሩ ሲሞቅ ብቻ ሆነ። ይሄ ብልሽት አይደለም። ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ሲሞቅ 1.6 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በ80 ሊትር ሲታሰብ ከ1 ሊትር በላይ ነው። ቫልቩ ውሃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ ስለሚያግድ፣ ትርፉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። «አስቸገረኝ» ብለው በቡሽ የሚደፍኑት ሰዎች አጋጥመውኛል። ኧረ በፈጣሪ! ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተጣብቆ አልጠፋ ቢል ቫልቩ የተደፈነ ታንከር ቦምብ ነው።

ዋናው ማፍሰሻ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) የታሰረበት ክብ ብረት ዙሪያ ተገኘ። ሶፍቱ ወዲያው ራሰ፣ ቡናማ ቀለምም ያዘ። በታንከሩና በውጪው ቆርቆሮ መካከል ያለውን ፎም በጣቴ ስዳስሰው ደረቅ ነው። እፎይ አልኩ። ፎሙ ርሶ ቢሆን ኖሮ ታንከሩ ራሱ ተበስቷል ማለት ስለሆነ ባለሙያው እውነቱን ነበር። እንዲያ ዓይነቱን በብየዳ እንኳን ማዳን አይቻልም። ታንከሩ ውስጡ በኢናሜል፣ ማለትም መስታወት በመሰለ ሽፋን፣ የተለበጠ ብረት ነው፤ የብየዳው ሙቀት ኢናሜሉን ይሰነጣጥቀዋል፣ ዝገቱም በዚያው ይቀጥላል።

መግቢያውን ዘግቼ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ አፍስሼ፣ ቡሎኖቹን ፈታሁ። ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ክብ ብረቱ ሥር ውሃ እንዳያፈስ የሚገባው ጎሚኒ፣ ደርቆ እንደ ቆሎ ይሰባበራል። ሬዚስታንሱ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። የብረት ክፍሉን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ የሽቦ መያዣዎቹ እንዳይነከሩ ተጠንቅቄ። ከታንከሩ ሥር ያለውን ዝቃጭ በእጄ ዝቄ አወጣሁ።

እዚያው አጠገብ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ለታንከሩ ቤዛ ነው፤ ዝገቱ ብረቱን ትቶ እሱን ይበላል። አዲሱ የአውራ ጣት ውፍረት አለው። የእኛው አልቆ በመሃሉ የሚያልፈው ሽቦ ቀርቷል። ይህን ሳይቀይሩ ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር፣ ቦይለሩን ለሚቀጥለው ዓመት ሞት ማዘጋጀት ይመስለኛል። ጓርኒሲዮኑ ትንሽ ነገር ነው፤ የታንከሩ ዕድሜ ያለው ዘንጉ ላይ ነው።

ፒያሳ ያሉ የቧንቧ ዕቃ ሱቆች ልኩን አጡልኝ። አሮጌዎቹን ይዤ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ አገኘሁ። ዘንጉ ጥርሱ ገጠመ፣ ርዝመቱ ግን ከድሮው ያንሳል። ለጊዜው ይሠራል።

ሲገጠም ትዕግሥት የሚፈልገው ቡሎኖቹ ላይ ነው። አንዱን አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ ከተሄደ ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ይጨመቃል። ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ ተቃራኒ ለተቃራኒ አጠበቅኳቸው። ሲሊኮን አልቀባሁም፤ የሚቀመጥበት ብረት ከተጠረገ ጎሚኒው ይበቃዋል። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍቼ ውሃ ሞላሁ። መጀመሪያ አየሩ እያንኮራፋ ይወጣል። ውሃው ሳይቆራረጥ መፍሰስ ሲጀምር ታንከሩ ሞልቷል። ብሬከር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ውሃ ያልነካው ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል። እናቴ በር ላይ ቆማ «ልጄ፣ መብራቱ ይቅርብህ» ስትለኝ ነበር። አልፈርድባትም።

አሁን ሶፍቱ ደረቅ ነው። የቀረኝ የሴፍቲ ቫልቩን ጠብታ በቱቦ ወደ ፍሳሹ መውሰድ ነው፤ ቱቦው ቁልቁል መሄድ፣ ጫፉም ክፍት መሆን አለበት። የግራውንድ ሽቦውን ኤሌክትሪሺያን ያይልኛል፣ እሱ ላይ እጄን አላስገባም። ረዘም ያለ የማግኒዥየም ዘንግ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያያችሁ ካላችሁ ሱቁን ጠቁሙኝ።