የአባዬን ካሴቶች ስገለብጥ፦ የስድስት ወር ማስታወሻ

አባዬ ካረፈ ከዓመት በኋላ እማዬ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ስር 14 ካሴት አውጥታ ሰጠችኝ። «አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ» አለች፣ በቃ። ካሴት ከነካሁ ስንት ዘመኔ! ከዜሮ ነው የጀመርኩት። እንደኔ የጀመረ ካለ ያበላሸሁትን እንዳይደግም ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን የካሴቶቹን ነገር ላስረዳ። አባዬ የዶዘር ኦፕሬተር ነበር። መንገድ ሥራ ነዋ፣ ከካምፕ ካምፕ ሲዞር ነው የኖረው። ደብዳቤ መጻፍ አይሆንለትም። ካሴት ላይ ያወራና በሰው ይልካል። እኛ ተሰብስበን እንሰማለን፣ ደጋግመን እንሰማለን፣ ከዚያ እዚያው ካሴት ላይ፣ እሱ ባወራበት ላይ፣ መልሳችንን ቀድተን እንልክለታለን። ካሴት እንደልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። የአባዬን ድምፅ እየሰማን፣ እየናፈቅን፣ በገዛ እጃችን እናጠፋው ነበር ማለት ነው። ያኔ ማንም አላሰበውም።

ስለዚህ ሳጥኑን ስከፍት የጠበቅኩት የራሳችንን የልጅነት ጫጫታ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ወር የጥፋት ወር ነበር። ያገለገለ ቴፕ ገዛሁና በጉጉት አንዱን ካሴት ከተትኩ። በላው። ክሩን በጥፍሬ እየመዘዝኩ፣ በእስክሪብቶ እየጠነጠንኩ አንድ ማታ ሙሉ ፈጀሁ። ከዚያ በኋላ ነው መማር የጀመርኩት። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ከመስማታችሁ በፊት እስከ ጫፍ አጠንጥኑትና መልሱት፤ እርስ በርሱ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል። ሄዱን (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ብረት) እና ክሩን የሚጎትተውን የጎማ ተሽከርካሪ በአልኮል ጥረጉ። ክሩን ሄዱ ላይ ተጭና የምትይዘዋን ትንሽ ስፖንጅም እዩ፤ ሙጫዋ አርጅቶ ከወደቀች ድምፁ ይርቃል፣ ይጠፋፋል። ሁለቱ ላይ ወድቃ ነበር። ቤቱ በብሎን የታሰረ ባዶ ካሴት ፈልጌ ክሩን ወደዚያ አዛወርኩት። የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ እጅ ካልተንቀጠቀጠ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። (የኔ ተንቀጥቅጧል።)

ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር የገባሁት በላይን ኢን፣ ማለትም ከሌላ መሣሪያ የሚመጣ ድምፅ በሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ በማይክ ቀዳዳ ካስገባችሁት ድምፁ ይፈነዳል። 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዋቭ ፋይል። አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። የሚያስቆጭ ቦታ አይደለም።

ሦስተኛው ካሴት ላይ የታናሽ ወንድሜ መዝሙር አለቀ። ቴፑ ሲዘጋ ቀጭ አለ። እኔም ላቆመው እጄን ሰደድኩ። ከሰከንድ ያነሰች ጸጥታ፣ ከዚያ አባዬ ከወሬው መሀል ጀመረ፦

«...ሲባጎ ይዘሽ እግራቸውን ለኪ። ለየልጁ ቋጠሮ አድርጊበት። ለትልቁ አንድ፣ ለልጅቷ ሁለት፣ ለትንሹ ሦስት። በወረቀት ጠቅልለሽ ለሾፌሩ...»

አባዬ የሚያመጣው ጫማ ሁልጊዜ ልካችን ነበር። ከሩቅ ሆኖ እንዴት እንደሚያውቅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

ነገሩ ቀላል ነው። ስትቀዱ ክሩ መጀመሪያ በማጥፊያው ሄድ፣ ቀጥሎ በመቅጃው ያልፋል። ስታቆሙ በሁለቱ መሀል የነበረችው ቁራጭ ብቻ ባዶ ትቀራለች፤ ያቺ ናት ጸጥታዋ። ከእሷ ወዲያ ያለው አሮጌ ድምፅ አልተነካም። የኛ መልስ ከአባዬ ወሬ ባጠረ ቁጥር ትርፉ እሱ ነው። እኔ «ጭራ» እለዋለሁ። ከ14ቱ ካሴቶች 9ኙ ላይ ጭራ አገኘሁ፤ ሲደመር 41 ደቂቃ።

አሁን ለናንተ ይጠቅማል የምለው ዋናው ነገር ይኼ ነው። ጭራዎቹ መጀመሪያ ላይ ድፍን ነበሩ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ የሚያወራ ሰው ዓይነት። ክሩ አርጅቶ ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ስለ አዚመት አነበብኩ። ሄዱ ለክሩ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ትንሽ ካዘመመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል። እያንዳንዱ ቴፕ ደግሞ የራሱ አዘማመም አለው። የኛ ቤት ቴፕ ሌላ፣ የአባዬ ሌላ! እኔ ሄዱን በኛ ድምፅ ነበር ያስተካከልኩት። ጭራው ላይ ስደርስ ከሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ አዞርኩ። «ሰ» እና «ሽ» ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ካሴት ሁለት ጊዜ ነው የምገለብጠው፤ አንዴ ለኛ አስተካክዬ፣ አንዴ ለእሱ። አንድ ዙር ይበቃል የሚል ምክር ካያችሁ፣ ሁለት ሰው ለተቀባበለው ካሴት አይሠራም።

ዘጠነኛው ካሴት ሌላ ጣጣ ነበረው። አባዬ እየቸኮለ፣ በቀጭን ድምፅ ያወራል። ታላቅ ወንድሜን ጠርቼ ባሰማው «ይኼ አባዬ አይደለም» አለኝ። ምክንያቱ ባትሪ ነው። ባትሪ ሲደክም ሞተሩ እየዘገየ ይቀዳል፤ በጤነኛ ቴፕ ስትሰሙት ፈጣንና ቀጭን ይሆናል። ግን በስንት ልመልሰው? በግምት አልፈለግኩም። ያዳነኝ ከጀርባው የሚሰማው ሬዲዮ ነው። ቢቢሲ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዓት ሲሞላ የሚያሰማትን ጢት ጢት ታውቋታላችሁ፣ አምስት አጭር፣ ስድስተኛዋ ረዥም። ድምፅዋ ልክ 1,000 ኸርዝ ነው። አባዬ ወሬውን አቋርጦ «ቆዩ፣ ሰዓቴን ልሙላ» ይላል፣ ከዚያ ጢትታው ይመጣል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ስለካው 1,060 ኸርዝ ሆነ። ስለዚህ 6 ከመቶ ፈጥኗል። ወደ 1,000 መለስኩት። ወንድሜ በድጋሚ ሰማው። «አዎ» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ስለ ጫጫታ ማጥፊያው ብዙ አልልም። የካምፑን ጄኔሬተር ላጠፋ ብዬ ሳበዛው አባዬ ከበርሜል ውስጥ የሚያወራ ሆነ። ቀነስኩት፤ በመጨረሻ ተውኩት። ዋናው ፋይል ሳይነካ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ መሞከር ያለባችሁ ቅጂው ላይ ነው።

የገረመኝን ልናገር። ጡረታ ወጥቶ ቤት የኖረው አባዬ ዝምተኛ ነበር። ራት ላይ ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ካሴቱ ላይ ግን ወሬው አያልቅም! ድንጋይ ዶዘሩን እንዴት እንዳንሸራተተው፣ የካምፑ ውሻ ስንት እንደወለደች፣ አዲሱ ረዳቱ እንደሚያንኮራፋ፣ ሁሉንም። ለካ ሰው ፊት ነው ያልሆነለት። ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። «እኔም ያገባሁት ያኛውን ነው» አለች።

አሁን ያለሁት 14ኛው ላይ ነው፤ ትናንት ጨረስኩት። ጭራ የለውም። ሁለት ዙር፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብሎኗን በሁለቱም በኩል አዙሬ ፈለግኩ። ምክንያቱ እዚያው ይሰማል። እማዬ «በቃ፣ ዝጊው» ትላለች። የስምንት ዓመት ልጅ «ገና አላለቀም! እስኪያልቅ ልዝፈንለት» ትላለች። ትዘፍናለች፣ ማባዣ ቃል ትቆጥራለች፣ የክፍሏን ልጆች ስም በሙሉ ትጠራለች። ክሩ እስኪያልቅ። እኔ ነኝ።

ካሴት ከላይ ዳር ሁለት ትናንሽ ፕላስቲክ አለው፤ ከተሰበሩ በላዩ መቅዳት አይቻልም። 14ቱም ላይ ተሰብረዋል።  የዚህኛው ወረቀት ላይ አባዬ በዚያ በማይወደው ጽሕፈቱ «የልጅቷ። ሙሉ» ብሏል።