ፊልሙን ለእኔ ብለው ያቆሙት ማታ

ሀገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ሁሌ አንድ ጥያቄ አላቸው። «አሊያንስ ገብቼ ፈረንሳይኛ እየተማርኩ ነው፤ ፈረንሳይ ስመጣ ይበቃኛል?» ቋንቋውማ ይበቃል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው።

እዚህ ሊዮን ከተማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊልም እንድናይ ቤቱ ጠራን። ለእንግዳ የቀረበው ቺፕስና ወይራ ነው፤ እናቴ ብታይ ታዝን ነበር። የከፈቱት ኦኤስኤስ 117 የሚባለውን በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውን የስለላ ኮሜዲ ነው። ዋናው ተዋናይ ዣን ዱዣርዳን ነው፤ በኋላ ከዚሁ ዳይሬክተር ጋር በሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ኦስካር የወሰደው። ገጸ ባሕሪው ከ1949 ጀምሮ በልብ ወለድ የታወቀ ነው፤ ጄምስ ቦንድን በአራት ዓመት ይቀድመዋል። መጽሐፎቹ የምር ናቸው። ፊልሙ ግን ሰላዩን ጅል አድርጎታል። ሱፉ ልክ፣ ጸጉሩ ልክ፣ ጭንቅላቱ ባዶ።

ጊዜው 1955 ነው፤ ሰውዬው ካይሮ ይላካል። ስዊዝ ካናልን አይቶ የጥንት ግብጾች ከአራት ሺህ ዓመት በፊት እንዴት ሠሩት ብሎ ይደነቃል። ካናሉ የተከፈተው በ1869 ነው! ለግብጻዊ ሠራተኛ ደግሞ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት የሬኔ ኮቲን ፎቶ እንደ ትልቅ ስጦታ ይሰጠዋል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ቦንድን እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ምኑ ላይ እንደሚያሾፉ አይጠፋኝም።

ከዚያ አዛኑ መጣ። ሰላዩ እንቅልፌን ነሱኝ ብሎ ሚናራው ላይ ይወጣና ሙአዚኑን ጸጥ ያሰኘዋል። ማንም ከመሳቁ በፊት ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን አንስቶ ፊልሙን አቆመ። «ደህና ነህ? ሌላ እንክፈት?» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብሎ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ያደግኩት ግን መርካቶ ነው፤ ቅዱስ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ በተጎራበቱበት፣ ቅዳሴውም አዛኑም እየቀሰቀሰኝ። የሚያስቀው እኮ ሰው ሀገር ሄዶ ጸጥ በሉ የሚለው ሰውዬ ነው፤ ሙአዚኑ አይደለም። ይህን ልል አፌን ስከፍት አንዷ ከልቧ «እናንተ ሀገር ሲኒማ አለ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ቅድም ስለ ስዊዝ በማያውቀው ሰውዬ ሲስቁ የነበሩት እነሱው ናቸው! አዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት አባቶቻችን «ሰይጣን ቤት» እንዳሉት፣ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ስንት ትውልድ እንዳሳደጉ ነገርኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እኛ ጋ ቢሆን እንግዳ ፊት ለፊት እንዲህ አይጠየቅም፤ ከወጣ በኋላ ነው የሚታማው። ፈረንሳዮች ግን ክርክር ይወዳሉ። ማንም አልተቀየመኝም። ወይን ጨመሩልኝ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር አመሸን።

ልትመጡ የምታስቡ ስሙኝ። ቪዛውንና ስኮላርሺፑን ራሳችሁ ታውቁበታላችሁ። ያሳቃችሁ ላይ ሳቁ፣ የከፋችሁን እዚያው ተናገሩ። ይሉኝታ እዚህ አያዋጣም። ዝም ካላችሁ አልገባቸውም ይባላል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ነገር ሲያስረዷችሁ ይኖራሉ። ፈርታችሁ ግን አትሳቁ፤ እሱ ከዝምታም ይብሳል።

ከመምጣታችሁ በፊት ዱዣርዳን የሠራባቸውን ሦስቱን የኦኤስኤስ 117 ፊልሞች እዩ። ከሦስቱ የካይሮው ይበልጣል። የ2009ኙ ሪዮ ነው፤ እሱም ጥሩ ነው። የ2021ዱ ሰውዬውን ወደ አፍሪካ ይልከዋል፤ ዳይሬክተሩም ሌላ ነው። እኔን አላሳቀኝም።