ጥርኝ ውሃው ይበቃል

ልቦለድ ጸሐፊ ነኝ። እንጀራዬን የማገኘው ግን ባሕር ዳር ተቀምጬ ለመሥሪያ ቤቶች መጽሔትና ብሮሹር በመጻፍ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የዘጌን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ አዘዘኝ። «ታሪኩን እንደ ልቦለድ አድርገህ ጻፈው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል?

ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በቡናው ጫካ መሀል ሽቅብ ወጥተህ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳለህ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መሀል ላይ ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። አንድ ቦታ ቆመህ ሁሉንም አታይም። ሐውልት ስታይ ዙሪያውን እንደምትዞረው ሁሉ እዚህም መዞር ግድ ነው፤ ያለፍከው ይሰወርብሃል፣ የሚመጣው ገና ነው። ሠዓሊው የታሪኩን ፍጥነት ለእግርህ ትቶልሃል።

ያስጎበኙኝ መሪጌታ «መጀመሪያ ዓይናቸውን እይ፣ ልጄ» አሉኝ። በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ክፉው ጎኑን ይሰጥሃል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ስለ አንድ ሰው ክፋት ገጽ ሙሉ የምደክመውን እነሱ በአንድ ዓይን ጨርሰውታል።

ከዚያ በላዔ ሰብ ጋ ደረስን። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ የገዛ ቤተሰቡንም አላስተረፈም። መንገድ ላይ አንድ የተጠማ ለምጻም ውሃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ቢለው እንቢ አለ፣ በጻድቃን ስም ቢለው እንቢ አለ፣ በእመቤታችን ስም ሲለው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ ጋር ሲመዘን በእመቤታችን ምልጃ ውሃው ሚዛን ደፋ።

እኔም እንደዚሁ ጻፍኩት። መንገዱ፣ ልመናው፣ ውሃው፣ ሚዛኑ። በቃ።

ጽሑፉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰ። «በስሟ ለምን እንደራራ አልተገለጸም። ስለ ልጅነቱና ስለ ጸጸቱ አንድ ገጽ ይጨመር።» አርታኢው ለአንባቢ አስበው ነው፣ ይገባኛል። ግን ያ ገጽ ቢጨመር ታሪኩ ይሞታል ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ሰውየው አስቦበት፣ ተጸጽቶ፣ አልቅሶ ከሰጠ ውሃው ምን ሊመዝን ነው? ጸጸቱ ቀድሞ መዝኖለታል እኮ።

የሥዕሉን ፎቶ ይዤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ጸጸቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ሚዛኑን ነው የማየው» አሉ በመጨረሻ። አርታኢውም ተጠሩ፤ ተከራከርን፤ ተስማማን። ታሪኩ እንዳለ ወጣ። ማብራሪያው በሁለት መስመር ከፎቶው ሥር ገባ፤ እዚያ ማንንም አይጎዳም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ምዕራፍ ስጨርስ ባሕር ዳር ያለ ሠዓሊ ጓደኛዬ ጋ ይዤ እሄዳለሁ። አነብለትና «ከዚህ ውስጥ ምኑን ትሥለዋለህ?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ወዲያው እርሳስ ያነሳል። «የሚሣል የለውም፣ ሰዎችህ ዝም ብለው እያሰቡ ነው» ካለኝ ግን ቤት ገብቼ እንደገና እጽፈዋለሁ።