«መሐመድ፣ ኤ.» ማን ነው? ለጆርናል ሪፈረንስ ሳዘጋጅ ማንም ያልነገረኝ

ስለ ድሬዳዋ ጎርፍ የጻፍኩት ጽሑፍ በመጨረሻ ታተመ። ዳታውም ትንተናውም ይህን ያህል አላስቸገሩኝም። ያንገበገበኝ መጨረሻ ላይ ያለው የሪፈረንስ፣ ማለትም የጠቀስኳቸው ምንጮች፣ ዝርዝር ነው። እዚህ ከተማ ለጆርናል ከእኔ በፊት የጻፉ ስንት ሰዎች አሉ፣ አንዳቸው እንኳ «ስሙ ላይ ተጠንቀቂ» አላሉኝም። ስለዚህ እኔ ልበላችሁ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ሪፈረንስ የሚያደራጀውን ሶፍትዌር፣ ዞቴሮን፣ አውርዱ። በነፃ ነው፣ ከዎርድ ጋር ይሠራል። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ያለውን ጽሑፍ ቁጥሩን ስታስገቡለት ሙሉ መረጃውን ራሱ ያመጣዋል። ጆርናሉ የሚፈልገውን ስታይል ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። እኔን የጠየቁኝ ኤፒኤ የሚባለውን የአጠቃቀስ ስታይል ሰባተኛውን እትም ነው፣ በፈረንጅ 2019 የወጣውን። የታተመበት ከተማ መጻፍ ቀርቷል። ደራሲዎቹ እስከ 20 ከሆኑ ሁሉም ይዘረዘራሉ። ከአንድ ባለሙያ ጋር በስልክ ያወራችሁት ነገር ጽሑፉ ውስጥ ይጠቀሳል እንጂ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። አሁንም ሪፈረንስ በእጁ የሚለቅም ሰው አለ፣ እግዜር ይርዳው።

አሁን ወደ ጉዱ።

ቀፊራ ገበያ መሐል ቆማችሁ «መሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ሰው ዞሮ ያያችኋል። ስለ ከተማው ጎርፍና ውሃ የጻፉ ሰዎችም ያው የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። ሶፍትዌሩ ግን የቤተሰብ ስም ይመስለዋል፣ አገላብጦ ወደ ፊት ያመጣውና የሰውየውን የራሱን ስም በአንድ ፊደል ይቆርጠዋል። አብዲ መሐመድና አስማ መሐመድ እንበላቸው (ስሞቹን ቀይሬያቸዋለሁ)፣ አንዱ ስለ ወንዙ ሌላዋ ስለ ተፈናቃዮች የጻፉ፣ ምናልባት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዓመት አሳትመዋል። በፈረንጅ ፊደል የሁለቱም ስም በ«ኤ» ይጀምራል። ዝርዝሩ ላይ ምን ሆነው ወጡ? «መሐመድ፣ ኤ. 2015ኤ» እና «መሐመድ፣ ኤ. 2015ቢ»። አህመድ መሐመድ የሚባል ሦስተኛ ሰው ደግሞ ነበረኝ፣ የ2012። እሱም «መሐመድ፣ ኤ.» ሆነ። ሦስት ሰዎች አንድ ሰው ሆኑላችሁ።

የሪቪወሩ (ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የሚገመግመው ባለሙያ) አስተያየት ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ ጸሐፊዋ በአንድ ተመራማሪ ሥራ ላይ ከመጠን በላይ ተመርኩዛለች፣ ሌሎች ምንጮችንም ብትመለከት።

ሪቪወሩን አልወቅሰውም። ያየው ወረቀቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሐመድ ነው። ያናደደኝ ኤዲቶሪያል ቢሮው ነው። ነገሩን በትሕትና አስረድቼ ጻፍኩላቸው። የኢትዮጵያውያን ስም ሳይገለበጥ፣ በራሳቸው ስም ተጀምሮ ሙሉውን እንዲጻፍ ጠየቅኩ። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ምሁራን ሲሠሩበት የኖረ አጻጻፍ ነው። መልሱ ምን ሆነ? «እባክዎ የደራሲዎችን መመሪያ ይከተሉ።» መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ስም አንድ መስመር የለውም። ይህንኑ መልሼ ጻፍኩ። ያችው ዓረፍተ ነገር ተመልሳ መጣች። ደብዳቤው ሲጀምር ደግሞ «ውድ ሚስተር» ብሎ የአባቴን ስም ይጠራል። እኔ ሴት ነኝ። ስለ ስም የምከራከረው ከእነዚህ ጋር ነበር።

አንድ ትልቅ የሥራ ባልደረባዬ ሲሰሙ ሳቁ። «ኧረ አቦ ተይው! የሚሉሽን ስጫቸውና እድገትሽን ያዢ።» ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን አስማ የሠራችው ሥራ ለአብዲ ሲቆጠር ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም።

ከዚያ መሐል መንገድ ያዝኩ። ጽሑፉ ውስጥ ስጠቅሳቸው «አስማ መሐመድ እንዳለችው» እያልኩ ሙሉ ስማቸውን አስገባሁ። ዝርዝሩን ግን እንደ ፍላጎታቸው ተውኩት። ተቀበሉት ብዬ ተደሰትኩ። ፕሩፉ (ከመታተሙ በፊት ለማረሚያ የሚላከው የመጨረሻ ቅጂ) ሲመጣ ግን የሚያርመው ሰው ሙሉ ስሞቹን አንድ በአንድ ለቅሞ አውጥቷቸዋል። የአማርኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ጸሐፊዎችን ሳይቀር ገልብጧቸዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ መልሺ ይላል። በዚያ ላይ መብራት ጠፋ፣ ሙቀቱን ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚራ ሰፈር ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፈልጌ ቁጭ አልኩና እያንዳንዱን በኮሜንት መለስኩ። የሚገርመው፣ ያኔ ያለ ምንም ክርክር አስተካከሉት። ለካ ቢሮውና አራሚው አይነጋገሩም!

ስለዚህ የእኔ ምክር ይኸው፣ መመሪያው ምንም ይበል። ዲኦአይ ያለው የጆርናል ጽሑፍ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ አትሟገቱ። ስሙ እዚያ ተገልብጦ ተመዝግቧል፣ ጽሑፉን የሚያገናኘውም ቁጥሩ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን ሙሉ ስም አስገቡ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የአማርኛ መጽሐፍና ሪፖርት ከሆነ ግን አታስገልብጡ። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም ጎን ሁለቱን ሳጥን አንድ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች። ለድርጅት ስም ነው የተሠራችው ይባላል፤ እኔ ለሰው እጠቀምባታለሁ። ስሙን እንደጻፋችሁት ይተወዋል። የደራሲውን የራሱን ስም ሁልጊዜ ሙሉውን ጻፉ፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ «ኤ.» ሌላ ቦታ «አብዲ» ካላችሁ ያው አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፣ ይህኛው ደግሞ የተገላቢጦሽ ጣጣ ነው።

ዓመተ ምሕረቱንም እንዳትረሱ። ጎርፉ የደረሰው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፣ በፈረንጅ ነሐሴ 2006 መሆኑ ነው። ስለሱ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ሪፖርት ሽፋኑ ላይ 1999 ይላል። እንዳለ ብታስገቡት ጎርፉ ከመድረሱ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል፣ ነቢይ ሊሆን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ 7 ትደምራላችሁ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። ወሩ ካልታወቀ 2006/07 ብሎ በእዝባር መጻፍ ነው። የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል ጻፉትና የእንግሊዝኛ ፍቺውን በማዕዘን ቅንፍ አስከትሉ።

ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ። ሳይቴሽኑን (ጽሑፉ ውስጥ ምንጭ የጠቀሳችሁበትን) ከዞቴሮ ያላቀቃችሁበትን ፋይል ለጆርናሉ ላኩ፣ ያልተላቀቀው እናንተ ጋ ይቅር፣ እርማት መምጣቱ አይቀርም። ፕሩፉ ሲደርሳችሁ ደግሞ አብስትራክቱ (መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ) ላይ ብቻ ጊዜ አታጥፉ። ከመጨረሻው ገጽ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አንብቡ።