የክትትል ካርድሽን አንብቢው

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ካርዱ ላይ የምንጽፈው ለሚቀጥለው ተረኛ ነው፤ እናትየዋ ታንብበው አታንብበው ብዙም አንጨነቅም። ይሄ ልክ አይመስለኝም። ላቲን ሸምድጂ አልልሽም፣ ግን አንዳንዱን ነገር ሳታውቂው ባትወጪ ይሻላል።

በቀደም ታናሽ እህቴ ካርዷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «ግራቪዳ 3፣ ፓራ 1፣ አቦርሽን 1» ይላል። «እኔ መቼ ነው ያስወረድኩት?» ብላ ጦፋለች። ግራቪዳ ማለት የአሁኑን ጨምሮ ስንት ጊዜ አረገዝሽ ነው። ፓራ ደግሞ ልጁ ከማህፀን ውጭ መኖር የሚችልበት ዕድሜ ከደረሰ በኋላ ስንት ጊዜ ወለድሽ ነው፤ መንታ ብትወልጂም የሚቆጠረው አንዴ ነው። አቦርሽን የተባለው ሆን ተብሎ የተደረገውንም በራሱ የወረደውንም ይይዛል። የእሷ በራሱ የወረደ ነው። ሐዘኑ አልበቃ ብሎ ወረቀቱም የከሰሳት መሰላት፣ እና አልፈርድባትም። የጻፈው ሰው በአፉ ቢነግራት ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቀው ግን የሳምንት አቆጣጠር ነው። እኛ የምንጀምረው ካረገዝሽበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባሽ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጽንሱ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ፣ «6 ሳምንትሽ ነው» ስትባዪ ጽንሱ ራሱ 4 ሳምንት ቢሆነው ነው። ባል ከመንገድ የተመለሰበትን ቀን በጣቱ ቆጥሮ ፊቱን ሲያጠቁር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሚስቲቱ ምንም አላጠፋችም፣ እኛ ነን ያላስረዳነው። የመውለጃ ቀን የሚባለውም ከዚያው ቀን 280 ቀን ተቆጥሮ ነው፣ ማለትም 40 ሳምንት። ስሌቱ የተሰየመው በጀርመናዊው ሐኪም በኔግሌ ነው፤ የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ ይመጣል ብሎ ነው የሚነሳው። የአንቺ የሚዛባ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳሽው አልትራሳውንድ ይበልጥ ይታመናል። እና ያንን ወረቀት እንዳትጥዪው! በስምንተኛው ወር የተነሳሽው ሌላ ቀን ቢሰጥሽ የሚይዘው የቀድሞው ነው። ደግሞ ቀኑ ደርሶ ምጥ ካልመጣ አትደንግጪ፣ ልክ በቀኑ የሚወልዱት ጥቂት ናቸው። ክትትሉን ግን አታቋርጪ። ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነ ያለ ጊዜው ተወለደ እንላለን፣ 42 ከሞላ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

የደም ግፊትሽን ሲለኩሽ «ደህና ነው» በሚለው ብቻ አትነሺ። ቁጥሩን ጠይቂ። ከ20 ሳምንት በኋላ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና መለካት፣ ሽንትም መታየት አለበት። በሽንቱ ፕሮቲን ከተገኘ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው የምንለው፤ አንዳንዴ ፕሮቲን ሳይኖርም ጉበትን ወይም ኩላሊትን ሊነካ ይችላል። ዝም ከተባለ ወደ ማንቀጥቀጥ ሊሄድ ይችላል። አልለቅ ያለ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ሕመም፣ ፊት በድንገት ማበጥ፦ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያኑ ሰዓት ሂጂ። «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። የእግር እብጠት ብቻውን ከሆነ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ ከራስ ምታት ጋር ከሆነ ግን አትስሚያቸው።

የደም ዓይነትሽ ላይ ኔጋቲቭ የሚል ካለ ሾተላይ የሚባለውን እያሰብን ነው። የልጁ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ከአንቺ ጋር ከተነካካ ሰውነትሽ መዋጊያ ያዘጋጃል፤ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፣ በ28 ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ጽንስ ወርዶብሽም ከሆነ ስለ መርፌው ጠይቂ፣ ብዙዎች የሚረሱት እዚህ ጋ ነው።

ሴፋሊክ ካለ ልጁ በጭንቅላቱ ነው፣ ብሪች ካለ በመቀመጫው። በ28 ሳምንት ብሪች ቢባል ብዙውን ጊዜ ገና ይገለበጣል። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ቢሉሽም በአምስተኛው ወር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማህፀን ሲያድግ ወደ ላይ ይሸሻል፤ እስከዚያ ግን ደም ካየሽ፣ ባያምሽም እንኳ፣ ሐኪም ቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሪኤክላምፕሲያ ከወለዱ በኋላም ይመጣል፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። ያኔ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፣ ቤቱ በሙሉ የሚያየው ሕፃኑን ነው፣ የአንቺ ራስ ምታት ደግሞ በእንቅልፍ ማጣት ይሳበባል። ግፊትሽን ተለኪ።