የአራሚ ዓይን ሲደክም

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት አራሚ ነኝ። አርባን ካለፍኩ በኋላ መጀመሪያ ያስቸገሩኝ «ቱ» እና «ቲ» ናቸው። የሚለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ በአንዱ ከወገቡ፣ በሌላው ከእግሩ ትወጣለች። ወደ ማታ ላይ ጭረቷ የት እንዳለች መለየት ሲያቅተኝ ወረቀቱን እያራቅሁ ማንበብ ጀመርኩ፤ ክንዴ እስኪያጥረኝ ድረስ።

የሥራ ባልደረቦቼ መላው አልጠፋቸውም። ከመንገድ ዳር አንድ የንባብ መነጽር መግዛት ነው። አባቴ ግን አንድ ዓይኑን የዓይንን ነርቭ በሚጎዳው በሽታ፣ በግላኮማ ያጣ ሰው ነበርና ሙሉ ምርመራ ሳይደረግልኝ መነጽር አልገዛም አልኩ። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ከመሄዴ በፊት ከዓይኔ እስከ ወረቀቱና እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ፤ 40 እና 65 ሳንቲሜትር። ይህ ልኬት በኋላ በጣም ጠቀመኝ። በወጣትነት የዓይናችን ሌንስ ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ነገር ስናይ ጉብ ይላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይደድራል። የዓይን እንቅስቃሴም ሆነ ካሮት አይመልሰውም። 40 ሳንቲሜትር ላይ አጥርቶ ለማየት 2.5 ዳይኦፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፣ 65 ላይ ግን 1.5 ይበቃል። ስለዚህ ወረቀቱን የሚያጠራው መነጽር ኮምፒውተሩን ያደበዝዛል። ሁለት መነጽር አሠራሁ፤ ያስወጣል፣ ግን አንገቴም አብሮ ዐረፈ።

በምርመራው ላይ አቅጣጫውን እየቀያየረ የተደረደረ አንድ ፊደል ብቻ አነበብኩ። ሙሉ መጽሐፍ ለሚያርም ሰው ትንሽ ያሳፍራል። «ደህና ይታየኛል፣ የሚያስቸግረኝ ቅርቡ ብቻ ነው» ስላት ወጣቷ ሐኪም ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ደህና ይታየኛል የሚል ሰው ነው የሚያሰጋኝ» አለችና ወረቀት ላይ አንድ መስመር አሰመረች። በግራ በኩል መስቀል፣ ከእሱ 8 ሳንቲሜትር በስተቀኝ ጥቁር ነጥብ አደረገችበት። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያየሁ ወረቀቱን ቀስ ብዬ አቀረብኩ። 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ነጥቡ ጠፋ። የገረመኝ ግን መስመሩ ነው፤ ምንም ሳይቆረጥ ቀጥሏል!

የዓይን ነርቭ ከሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን የሚቀበል ሽፋን፣ በሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የለም። አእምሮ ክፍተቱን ከአካባቢው ባገኘው ይሞላዋል። ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ደራሲ በገዛ ጽሑፉ የጎደለ ፊደል የማይታየው ሊጽፍ ያሰበውን ስለሚያነብ ነው። ግላኮማም ብዙውን ጊዜ እይታን ከጎን በኩል ያለ ሕመም እየቀነሰ ሲሄድ አእምሮ ያለብሰዋል። የጠፋው አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው። በአባቴ ላይ የሆነውን ያኔ ነው የተረዳሁት። አላየንለትም እያልን ስንቆጭ፣ እሱ ራሱም አላየውም ነበር።

የዓይን ግፊቴ ተለካ። የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ይሁን እንጂ ግፊታቸው ደህና ሆኖ ግላኮማ የሚይዛቸው ሰዎች ስላሉ ነርቩም መታየት አለበት፤ ለዚህም ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደረገልኝ። ስወጣ የቸርችል ጎዳና ፀሐይ መርፌ ሆነችብኝ። ብሌኔ መጥበብ አልቻለም፣ የታክሲዎቹ መስታወት ሁሉ ይነድዳል። ለዚህ ምርመራ የምትሄዱ ጥቁር መነጽር ያዙ፣ መኪናችሁንም ቤት ተዉት፤ ውጤቱ ለሰዓታት ይቆያል።

ግፊቱም ነርቩም ደህና ነበሩ። በየዓመቱ እንድመለስ ተነገረኝ። ከሰዓት በኋላ የሚቆጠቁጠኝ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ድርቀት። ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው በጣም አንሶ ነው፣ እንባውም ቶሎ ይተንናል። ስክሪኑን ከዓይኔ ዝቅ አደረግሁት፤ ወደ ታች ሲታይ የዓይን ቆብ ብዙውን ክፍል ይሸፍናልና። በየሃያ ደቂቃው ደግሞ ቀና ብዬ በመስኮት የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት ለሃያ ሰከንድ እመለከታለሁ። ከስድስት ሜትር በላይ የራቀ ማንኛውም ነገር ይበቃል፤ ሐውልቱ የእኔ ምርጫ ነው።

ለድርቀቱ ፋርማሲ ገብቼ ያገኘሁትን ጠብታ አልገዛሁም። ዓይን ሲቀላ እንዲህ ማድረግ በከተማችን የተለመደ ነው። አንዳንዶቹ ጠብታዎች ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት አለባቸው፤ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፉ ይወደዳሉ። ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምሩ፣ ሞራም ሊያመጡ ይችላሉ።

አሁን የቀረኝ ወንድሜ ነው። ግላኮማ በቤተሰብ ስለሚወረስ እሱም መታየት አለበት። መርካቶ ሱቁ ድረስ ሄጄ ስነግረው «እኔ እኮ የዝንብ እግር እቆጥራለሁ» አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አስሞከርኩት። ነጥቡ ሲጠፋበት ደነገጠ፣ ደግሞ ደጋግሞ ሞከረ፣ ከዚያም ጎረቤቶቹን ጠርቶ ያስሞክራቸው ጀመር። ቀጠሮ ግን እስካሁን አልያዘም።